ወዝና ቀለም፦ በአነስተኛ ዋጋ የሚሸጡ የፊት ቅባቶች ታሪክ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መድረክ በቃል የቀረበ፤ ለንባብ እንዲመች መጠነኛ እርማት ተደርጎበታል።)



የንግግሬ ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ሲለጠፍ አንዳንድ ባልደረቦቼ ፈገግ ማለታቸውን አይቻለሁ። የታሪክ መምህር ስለ ጦርነት፣ ስለ መሬት ሥሪት፣ ስለ ነገሥታት ደብዳቤ ይናገራል እንጂ ስለ ፊት ቅባት ምን ሊል ይችላል? ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴን ከአንድ የአገራችን ምሳሌ ልጀምር። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ዳር ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች በእንዶድ ለመቆጣጠር የተደረገው ረጅም ምርምር የተነሣው ከዚያ የልብስ ማጠቢያ ሥፍራ ነው። ሰዎች በየቀኑ የሚያደርጉት ነገር እንደ ተራ ነገር ስለሚታለፍ ብቻ እውቀት የለበትም ማለት አይደለም።

አንድ ማሳሰቢያ ላስቀድም። በተለይ ካልጠቀስሁ በቀር ዓመቶቹን የምጠራው በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው።

ከዩኒቨርሲቲያችን በር እስከ ታክሲ ተራው ድረስ ስትሄዱ በየሱቁ መደርደሪያ ላይ የምታዩትን አስታውሱ። የገላ ሳሙና፣ ቫዝሊን፣ በትንሽ ጠርሙስ የተሞላ ግሊሰሪን፣ ሰማያዊ ቆርቆሮ ያለው ክሬም አለ። ከእነርሱ ጎን ደግሞ ስሙ የማይነበብ፣ ወይም ጭራሽ ስም የሌለው ቅባት የያዘ ብልቃጥ አለ። ዋጋቸው ይቀራረባል፤ ለዕለት አገልግሎት የሚሆን ነገር የሚፈልግ ተማሪ ከሁሉም እየገዛ ይሞክራል። ዛሬ የምጠይቀው ጥያቄ ይህ ነው፦ እነዚህ ነገሮች ወደዚያ መደርደሪያ የመጡት በምን መንገድ ነው? ከዚህ በፊትስ በማን ፊት ላይ ተሞክረዋል?

ስለ አንድ ፊት

ጥያቄው ለእኔ የንባብ ጥያቄ ብቻ አይደለም። ታላቅ እኅቴ ሁለተኛ ልጇን ከወለደች በኋላ ጉንጮቿና ግንባሯ ላይ ማዲያት ወጣባት። ጊዜው በእኛ አቆጣጠር በ1980ዎቹ አጋማሽ ነበር። ከአንድ አነስተኛ ሱቅ ምንም ጽሑፍ የሌለበት ብልቃጥ ገዛች። ሻጩ ስለ ይዘቱ የነገራት «የውጭ ነው» የሚል ብቻ ነበር። በሁለት ሳምንት ውስጥ ማዲያቱ ደበዘዘ፤ ፊቷ እንደ ሕፃን ፊት ለሰለሰ፤ እኛም አደነቅን። ወራት ሲያልፉ ግን ነገሩ ተለወጠ። ቅባቱን ስታቆም ፊቷ ይቀላል፣ ያቃጥላታል፣ ብጉር ያወጣል፤ መልሳ ስትቀባ ይበርድላታል። ቆዳዋ ሳስቶ በጉንጮቿ ላይ ቀጫጭን የደም ሥሮች ታዩ። ለዓመታት ከሠርግና ከማኅበር ቀረች። እናታችን «ልጄ፣ ምነው ክንድሽ ላይ እንኳ ሳትሞክሪው!» አለቻት።

የእናቴ ቃል ለረጅም ጊዜ በአእምሮዬ ቆይቷል። ምክሩ ጥሩ ምክር ነው፤ በኋላ እንደማሳየው የሕክምና ሳይንስም ይደግፈዋል። ይሁን እንጂ እኅቴ ክንዷ ላይ ሞክራው ቢሆን ኖሮ ምን ታገኝ ነበር? ምናልባት ምንም። ክንዷም እንደ ፊቷ ለስልሶ፣ ጥርጣሬዋን ሁሉ ባጠፋላት ነበር። አንድ ሰው በራሱ ቆዳ ሊያውቀው የሚችለውና ሊያውቀው የማይችለው ነገር ልዩነት የዛሬው ንግግሬ እምብርት ነው።

ወዝ የሚለው ቃል

ቋንቋችን ለዚህ ታሪክ አንድ ጠቃሚ ቃል አለው፤ ወዝ። ወዝ ከቆዳ የሚወጣው ቅባትና እርጥበት ነው፤ የጤናና የምቾት ምልክትም ነው። «ወዙ መጣ» ሲባል ከሕመም ወይም ከችግር አገገመ ማለት ነው። ወዙን አፍስሶ የሚያድረውን ሠራተኛ ወዛደር ያልነው ከዚሁ ቃል ነው። የወዝ ተቃራኒ ደግሞ አመድ ነው፤ ፊቱ የደረቀውን ሰው «አመድ መስሏል» እንለዋለን። እናቶቻችን ቅቤ የቀቡን ወዝ እንዲኖረን ነው።

ከወዝ ጎን የቆመ ሌላ የቃላት ቤተሰብም አለን፤ ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር። እነዚህ ቃላት መልክን ይገልጻሉ፤ ሳይታወቀን ግን ደረጃ ያወጣሉ። ጠይምነት በዘፈን ብዙ ተወድሷል። ያም ሆኖ አራስ ልትጠይቅ የመጣች እንግዳ ሕፃኑን አይታ «ቀይ ነው ወይስ ጥቁር?» ስትባል ስንቶቻችን ሰምተናል? 

የፊት ቅባቶችን ታሪክ በእነዚህ ሁለት ቃላት መክፈል ይቻላል። አንዱ ዘርፍ ወዝን የሚጠብቅ ነው፤ ሌላው ቀለምን እለውጣለሁ የሚል ነው። ሁለቱም ጥንታውያን ናቸው፤ ሁለቱም በአነስተኛ ዋጋ ተሸጠዋል። ያደረሱት ጉዳት ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

በጥንቱ ዓለም የወዝ ዘርፍ አብነት የሚሆነው በሁለተኛው መቶ ዓመት ለኖረው ሐኪም ለጋሌን የሚሰጠው ቅባት ነው። ሰም በወይራ ዘይት ይቀልጣል፤ የጽጌረዳ ውኃ ይጨመርበታል። ድብልቁ ጽኑ ስላልሆነ ቆዳ ላይ ሲቀባ ውኃው ይተንና ፊትን ያቀዘቅዛል፤ በአውሮፓ ቋንቋዎች «ቀዝቃዛ ክሬም» መባሉም ከዚህ የተነሣ ነው። የቀለሙ ዘርፍ አብነት ደግሞ ነጭ የእርሳስ ዱቄት ነው። ግሪኮችና ሮማውያን ፊታቸውን ለማንጣት ተጠቅመውበታል፤ በአውሮፓ እስከ አሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት ድረስ ዘልቋል። በ1760 የሞተችውን የኮቨንትሪዋን እመቤት ማሪያ ጋኒንግን የገደላት የፊት ቀለሟ እንደሆነ የዘመኗ ሰዎች ያምኑ ነበር። ጠቃጠቆ ለማጥፋት ደግሞ የባዜቃ፣ ማለትም የሜርኩሪ ውሁዶች ይቀቡ ነበር። በዚያ ዘመን መርዙ የባለጸጎች ዕቃ ነበር፤ ድሃዋ ገበሬ የዳነችው ለመግዛት አቅም ስላጣች ነው።

ሳሙና የፈጠረው ድርቀት

የዕለት ተዕለት የፊት እንክብካቤ ለብዙኃኑ የደረሰው በሳሙና በኩል ነው። ፈረንሳዊው ኒኮላ ለብላን በ1791 ሶዳን ከጨው የሚያወጣበትን ዘዴ አስመዘገበ። ዘዴው ሲስፋፋ ሳሙና ሠሪ የእንጨት ወይም የባሕር እጽዋት አመድ መጠበቁ ቀረለት። ሚሼል ሸቭረል በ1823 ባሳተመው ሥራ የስብን ኬሚካላዊ ጠባይ አስረዳ። እንግሊዝ በ1853 በሳሙና ላይ የነበረውን ቀረጥ አነሣች። ከዚያ በኋላ ሳሙና በየቤቱ የሚገባ ዕቃ ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ምክንያትና ውጤት አለ፤ በእኔ አመለካከት በቂ ትኩረት አላገኘም። ባህላዊው ሳሙና አልካላይ ነው፤ ፒኤች መጠኑ 9 እና 10 አካባቢ ነው። የቆዳችን ገጽ ግን በመጠኑ አሲዳማ ነው፤ ወደ 5 ይጠጋል። ሻዴና ማርኪዮኒኒ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1928 ይህን ገጽ «የአሲድ ካባ» ብለው ሰየሙት። ሳሙና ቆሻሻን ሲያወጣ ወዝንም አብሮ ያወጣል፤ ፊትን በሳሙና ታጥበው ሲጨርሱ የሚሰማው መወጠር ይኸው ነው። እንግዲህ ሳሙና ለብዙኃኑ ሲደርስ ድርቀትም አብሮ ደረሰ። ርካሹ ሳሙና ለርካሹ ቅባት ገበያ ከፈተ ማለት ይቻላል። ለፊት የሚስማማ፣ ከባህላዊው ሳሙና የተለየ ማጠቢያ በአሜሪካ ደቭ በሚል ስም በሰፊው መሸጥ የጀመረው በ1957 ነው።

ድርቀቱን ለማስታገስ ከመጡት ቅባቶች ሁለቱን ላንሣ፤ ሁለቱም ዛሬ በሱቆቻችን አሉ።

የመጀመሪያው ቫዝሊን ነው። ሮበርት ቸዝብሮ የተባለ ወጣት ኬሚስት በ1859 ነዳጅ ወደ ተገኘበት ወደ ታይተስቪል፣ ፔንሲልቫንያ ሄደ። በዚያ ሠራተኞች በጉድጓዱ መቆፈሪያ ላይ የሚጋገረውን ጥቁር ሰም መሰል ነገር እየጠረጉ ቁስላቸውንና ቃጠሏቸውን ሲቀቡበት አየ። ይዞት ተመለሰና አጣራው፤ በ1872 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። እንደሚነገረው እየዞረ ሲሸጥ በሰው ፊት የገዛ ቆዳውን እያቃጠለ፣ ቅባቱን ይቀባበት ነበር፤ ናሙናም በነጻ ያድል ነበር። በ1933 ሲሞት ዕድሜው 96 ነበር። የታሪክ ሰው እዚህ ላይ ሁለት ነገር ያስተውላል። ቅባቱን አስቀድመው የሞከሩት ስማቸው ያልተመዘገበ የጉድጓድ ሠራተኞች ናቸው። ነጋዴው ደግሞ ቢያንስ የራሱን ቆዳ ከገዢው ቆዳ አስቀድሟል። ቫዝሊን ለቆዳ የሚጨምረው ነገር የለም፤ ሥራው ከውስጥ ያለው እርጥበት እንዳይተን መክደን ነው። በአማርኛ ቫዝሊን የአንድ ድርጅት ምልክት መሆኑ ቀርቶ የቅባቱ ዓይነት መጠሪያ መሆኑ ምን ያህል ወደ ቤታችን እንደገባ ያሳያል።

ሁለተኛው ባለ ሰማያዊ ቆርቆሮው ክሬም ነው። የጋሌን ቅባት ትልቁ ችግር ውኃውና ዘይቱ ተለያይተው መበላሸታቸው ነበር። ኬሚስቱ አይዛክ ሊፍሹትስ ከበግ ጸጉር ቅባት የተገኘ፣ ውኃንና ዘይትን አጣምሮ የሚይዝ ንጥረ ነገር አዘጋጀ። የሃምቡርጉ የባየርስዶርፍ ባለቤት ኦስካር ትሮፕሎቪትስና የቆዳ ሐኪሙ ፓውል ጌርሶን ኡና በዚህ ላይ ተመሥርተው በ1911 ኒቪያን አወጡ፤ ስሙ በረዶ ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ነው። ሰማያዊውን ቆርቆሮ የለበሰው በ1925 ነው። በመደርደሪያ ላይ ሳይበላሽ የሚቆይ ክሬም በብዛት መሠራት ሲችል ዋጋው ይወርዳል፤ ሩቅ አገርም ይደርሳል።

ከዚህ ቀጥሎ ማስታወቂያ መጣ። ፖንድስ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ማንኛዋም ሠራተኛ ሴት ልትገዛው የምትችለውን ክሬም ለማስተዋወቅ በ1920ዎቹ የሩማንያዋን ንግሥት ማሪን ጨምሮ የታወቁ እመቤቶችን ምስክርነት አሳተመ። መልእክቱ ግልጽ ነበር፤ የንግሥት ፊት በሳንቲም ይገዛል። ዛሬ በስልካችን የምናያቸው የፊት ቅባት አስተዋዋቂዎች የዚህ ልማድ የልጅ ልጆች ናቸው።

ገዢው ራሱ ቤተ ሙከራ ሲሆን

እስከ 1938 ድረስ በአሜሪካ የመዋቢያ ዕቃ ለገበያ ከመውጣቱ በፊትም ሆነ በኋላ የሚቆጣጠረው የፌዴራል ሕግ አልነበረም። የ1906ቱ የምግብና የመድኃኒት ሕግ መዋቢያዎችን አላካተተም። ውጤቱ ምን እንደነበረ ሁለት ዕቃዎች ያስረዳሉ። ኮረምሉ የተባለው የፊት ጸጉር ማጥፊያ ክሬም በታወቁ የከተማ መደብሮች ይሸጥ ነበር፤ በውስጡ ለአይጥ መርዝ የሚያገለግል የታሊየም ውሁድ ነበረበት። የተጠቀሙት ሴቶች ጸጉራቸው ከፊታቸው ብቻ ሳይሆን ከራሳቸውም ረገፈ፤ ነርቫቸውም ተጎዳ። ላሽ ሉር የተባለው የሽፋሽፍት ቀለም ደግሞ በ1933 ሴቶችን ዓይነ ስውር አደረገ፤ ሕይወትም ጠፋበት። በዚያው ዓመት አርተር ካሌትና ፍሬድሪክ ሽሊንክ ባሳተሙት መጽሐፍ ላይ የአሜሪካን ሕዝብ መቶ ሚሊዮን የመሞከሪያ እንስሳት ብለው ጠሩት። የ1938ቱ ሕግ መዋቢያዎችን በቁጥጥር ሥር ያስገባው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ኮረምሉን ያነሣሁበት ምክንያት አለ። በቋንቋችን ርካሽ የሚለው ቃል ዋጋው ያነሰ ማለትም ነው፤ የተናቀ ማለትም ነው። ሁለቱን ትርጉሞች ማምታታት ቀላል ነው፤ ውድ የሆነው ሁሉ የተፈተነ ይመስለናል። ታሪኩ ግን ከነዳጅ ጉድጓድ የተጠረገው ቅባት ሲጸና፣ በታላላቅ መደብሮች የተሸጠው ሲመርዝ ያሳየናል።

የቀለሙ ዘርፍ በሃያኛው መቶ ዓመት አዲስ መሣሪያ ያገኘው በአጋጣሚ ነው። በ1939 በአንድ የአሜሪካ ቆዳ ፋብሪካ የሚሠሩ ጥቁር ሠራተኞች እጃቸው ላይ ነጫጭ ምልክት ወጣ። ምክንያቱ የጎማ ጓንታቸው ውስጥ የነበረ የሃይድሮኪኖን ዘር የሆነ ኬሚካል ሆኖ ተገኘ። የሠራተኞች ጉዳት የነበረው ነገር ብዙም ሳይቆይ ለሌሎች ጥቁር ሰዎች እንደ መዋቢያ የሚቀርብ ሆነ። ሃይድሮኪኖን ራሱ በደቡብ አፍሪካ በሰፊው ተሸጠ። በ1975 የቆዳ ሐኪሙ ጆርጅ ፊንድሌይና ባልደረቦቹ ቅባቱን ለዓመታት በተጠቀሙ ሴቶች ፊት ላይ የታየውን የማይለቅ ሰማያዊ ጥቁረት መዝግበው አሳወቁ። ለመቅላት የተቀባው ነገር ከጊዜ ብዛት ፊትን ማጥቆሩ ነው። ደቡብ አፍሪካ በ1990 ሃይድሮኪኖንን ከመዋቢያዎች አገደች፤ ቅባት ቆዳን ያነጣል ብሎ ማስተዋወቅንም ከለከለች።

ባዜቃም አልጠፋም። ሜላኒን እንዳይመረት ስለሚያግድ ፊትን ያቀላል፤ በቆዳ ገብቶ ግን ኩላሊትን ይጎዳል። በ2013 የጸደቀውና በ2017 ሥራ ላይ የዋለው የሚናማታ ስምምነት ከአንድ ሚሊዮን ክፍል ውስጥ ከአንድ ክፍል በላይ ባዜቃ ያለባቸውን ማቅያ ቅባቶች እስከ 2020 ከገበያ ለማስወጣት ቀን ቆረጠ።

ሦስተኛው መሣሪያ እኅቴን ያገኛት ነው። ሰልዝበርገርና ዊተን በ1952 ሃይድሮኮርቲዞን ቆዳ ላይ ሲቀባ እብጠትንና ማሳከክን እንደሚያስታግስ አሳዩ። ይህ ለሕሙማን ትልቅ እፎይታ ነበር፤ በሐኪም ትእዛዝ ዛሬም ጥሩ መድኃኒት ነው። ከእርሱ በኋላ የመጡት ኃይለኛ የስቴሮይድ ቅባቶች ግን ፊት ላይ ያለ ሐኪም ለወራት ሲቀቡ ቆዳን ያሳሳሉ፣ የደም ሥርን ያጎላሉ፣ ብጉር ያወጣሉ፤ ሲቆሙ ደግሞ ቆዳው ይነድዳል። የእኅቴ ብልቃጥ ተመርምሮ አያውቅም፤ ከዓመታት በኋላ ያያት የቆዳ ሐኪም ግን ፊቷን አይቶ ወዲያው የገመተው ይህንኑ ነው። የአገራችን የቆዳ ሐኪሞች በዚህ የተነሣ የሚመጡባቸውን ሰዎች ጉዳይ ደጋግመው ሲያነሡ እንሰማለን።

ክንድ የሚነግረንና የማይነግረን

አሁን ወደ እናቴ ምክር ልመለስ። ጀርመናዊው የቆዳ ሐኪም ዮሴፍ ያዳሶን በ1895 ግራትስ በተደረገ ጉባኤ ላይ አዲስ የምርመራ ዘዴ አቀረበ። የባዜቃ ቅባት ያስቆጣው ታማሚ ነበረው፤ ያንኑ ንጥረ ነገር በጥቂቱ ጤናማ ቆዳው ላይ ለጥፎ ሲጠብቅ ቆዳው በዚያው ሥፍራ ተቆጣ። ዛሬ በዓለም ሁሉ የቆዳ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት የአለርጂ ምርመራ መነሻው ይህ ነው። አዲስ ቅባት ስንገዛ ለጥቂት ቀናት በክንዳችን ውስጠኛ ክፍል ላይ መሞከራችን የዚህ ምርመራ የቤት ውስጥ አምሳያ ነው። እናቴ ያዳሶንን አታውቅም፤ ልምዷ ግን ከእርሱ አይርቅም።

ክንድ የሚነግረን ቅባቱ ቆዳችንን ያስቆጣው እንደሆነ ነው። የማይነግረን ደግሞ ከወራትና ከዓመታት በኋላ የሚመጣውን ነው። ኩላሊት ውስጥ የሚገባው ባዜቃ ክንድ ላይ አይታይም። የስቴሮይዱ የመጀመሪያ ሳምንታት ደስታ ናቸው። የሃይድሮኪኖኑ ጥቁረት የሚመጣው ሰውየው መሞከሩን ከረሳ በኋላ ነው። እንዲህ ያለውን ጉዳት አንድ ሰው በራሱ ሊደርስበት አይችልም። ሊያውቁት የሚችሉት የብዙ ሰዎችን መዝገብ ጎን ለጎን አድርገው የሚያነቡ ናቸው፤ ፊንድሌይ ያደረገው ይህንኑ ነው። ስለዚህ መለያ ጽሑፍና ሕግ የቢሮክራሲ ጣጣ አይደሉም፤ ከእኛ በፊት በተጎዱ ፊቶች የተገኘው እውቀት የተቀመጠባቸው መዛግብት ናቸው። ጽሑፍ የሌለውን ብልቃጥ የገዛ ሰው ከ1938 በፊት ወደነበረው ዘመን ተመልሶ ብቻውን ይቆማል።

በአገራችን የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የውበት መጠበቂያዎችንም በቁጥጥር ሥር አካቷል። ሕጉ ግን ከሱቅ በደረቴው ሣጥን ድረስ የሚወርደው ገዢው ሲጠይቅ ነው። «የውጭ ነው» ለሚል ሻጭ «ከየት? ማን ሠራው? ምን አለበት?» ብሎ መመለስ ይቻላል።

የአገር ቤቱንም በተመለከተ አንድ ነገር ልበል፤ ታሪክ ለማንም አያዳላምና። ቅቤ፣ ማር፣ እሬት፣ እርድ፣ በምሥራቁ ክፍል ደግሞ ከቁርቁራ ዘር ዛፍ ቅጠል የሚፈጨው ቀሲል የረጅም ዘመን ሙከራ አላቸው፤ አብዛኞቹም የወዝና የንጽሕና ዘርፍ ናቸው። ይሁን እንጂ የአገር ቤት መሆን ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ሎሚ ፊቱን ቀብቶ ፀሐይ የወጣ ሰው ሊቃጠልና ሊጠቁር ይችላል። አንዳንዱ ኩል እርሳስ አለበት። «ተፈጥሯዊ ነው» የሚለው ቃልም እንደ «የውጭ ነው» ሁሉ ጥያቄን ለማፈን ሊያገለግል ይችላል።

ተማሪዎቼ ይህን ንግግር ሳዘጋጅ «ታዲያ ምን እንግዛ?» ብለው ጠይቀውኛል። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የታሪኩን ምስክርነት ብቻ ልስጥ። ለረጅም ጊዜ የቆዩት ነገሮች ጥቂትና ርካሽ ናቸው፤ ፊትን የማያደርቅ ማጠቢያ፣ ግሊሰሪን ያለበት ክሬም፣ ለደረቀ ቆዳ ቫዝሊን። ቅባታማና ብጉር የሚያወጣ ፊት ያለው ሰው ቀለል ያለውን ይመርጣል። አዲስ ነገር መሞከር የሚወድም ከ2016 ወዲህ እንደ ካናዳው ዘ ኦርዲነሪ ያሉ ድርጅቶች እንደ ኒያሲናማይድ ያሉትን ንጥረ ነገሮች ስማቸውንና መጠናቸውን በግልጽ ጽፈው በአነስተኛ ዋጋ መሸጥ መጀመራቸውን ይወቅ፤ የዋጋ ማነስና ግልጽነት አብረው መሄድ እንደሚችሉ ማስረጃ ነው። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ሞክሩ፤ አለዚያ የጠቀመውን ከጎዳው መለየት አትችሉም። በመለያ ጽሑፍ ላይ ንጥረ ነገሮች ከብዙው ወደ ጥቂቱ እንደሚዘረዘሩ አስታውሱ። ሜርኩሪ፣ ሜርኩሪክ ወይም ካሎሜል የሚል ቃል ካያችሁ፣ ወይም ቅባቱን ከወርቅና ከብር ጌጥ አርቁ የሚል ማስጠንቀቂያ ካለበት አትግዙት፤ ባዜቃ ከእነዚህ ማዕድናት ጋር ይዋሐዳልና።

ማዲያት ላለበትም አንድ ቃል አለኝ። ማዲያትን ፀሐይ ያባብሰዋል፤ በከፍታ አንድ ሺህ ሜትር በወጣን ቁጥር ደግሞ የአልትራቫዮሌት ጨረሩ በአሥር በመቶ ገደማ ይጨምራል። እኛ የምንኖረው በደጋ ነው። የፀሐይ መከላከያ ክሬም መግዛት ለቻለ መልካም ነው፤ ላልቻለም ጥላ፣ ባርኔጣና ጃንጥላ አሉ። እኅቴ ያን ጊዜ ከብልቃጡ ይልቅ ጃንጥላ ገዝታ ወደ ሐኪም ብትሄድ ኖሮ ብዬ ብዙ ጊዜ አስባለሁ።

እኅቴ ዛሬ ደህና ናት። ፊቷ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም፤ ቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች አሁንም አሉ። ይህን ታሪክ እንድናገር ፈቃድ ስጠይቃት «ንገሪያቸው፤ እኔ እንኳ የነገረኝ አልነበረም» አለችኝ። ወደ ማኅበሯ ከተመለሰች ዓመታት አልፈዋል። ጠዋት ጠዋት ፊቷን ለብ ባለ ውኃ ትታጠብና ከዚያው ከሁላችን ሱቅ የተገዛ ጥቂት ቫዝሊን ትቀባለች። የሰፈሯ ሴቶች ወዟ መመለሱን ይነግሯታል፤ ስለ ቀለሟ የሚያነሣ የለም።